ያን ሌሊት ያተኮሰኝ ትኩሳት የልጄን አንጎል ነክቶት ይሆን?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እሑድ ሌሊት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በሁለት መስመር ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ እጄ ግን አልቆም አለ። ሁለተኛው ልጄ 6 ዓመቱ ነው። 3 ዓመት ሲሞላው ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። እርሱን ነፍሰ ጡር ሳለሁ በ4ኛው ወር ኢንፍሉዌንዛ ጣለኝና 5 ቀን ከአልጋ አልተነሣሁም። በ3ኛው ሌሊት ቴርሞሜትሩ 39.6 ላይ ወጣ። የብርጭቆ ቴርሞሜትር ነበር። ባለቤቴ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ፣ በጣቶቹ እያሽከረከረ፣ ቀጭኗን የብር መስመር ሲፈልግ ዛሬም ይታየኛል። ካነበበው በኋላ ቁጥሩን አልነገረኝም። አራግፎ እንደገና ብብቴ ሥር ከተተው። ያ ቴርሞሜትር አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ስለ ልጄ በተነገረን ማግስት አውጥቼ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ ይዤው ተቀምጬ ነበር።

አሁን የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በቅርቡ የእናት የበሽታ መከላከያና አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የፅንሱን አንጎል አሠራር ይለውጣሉ የሚል ጽሑፍ አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ያ ትኩሳት ነው ወይ? አንጀቴ ውስጥ የነበረው ነገር ነው ወይ? አሁንስ ምን ላድርግ?

ምላሾቹ 38 ደረሱ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ብዙዎቹ የጻፉት ለእኔ ነውና። ቁጥራቸውን እየጠራሁ የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርከው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

1ኛው ምላሽ ማጽናኛ ነበር፤ አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም የሚል። ልቤን አሞቀው፤ ጥያቄዬን ግን አልመለሰልኝም።

2ኛውን የጻፉት ስለ ሰውነት መከላከያ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህር ናቸው። እህቴ ብለው ጀምረው ነገሩን ከሥሩ አነሡት። በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን ታሪክ ሰብስቦ፣ የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት ሩቤላ የሚባል፣ ሽፍታ የሚያወጣ የቫይረስ በሽታ ይዟቸው እንደነበረ ደረሰበት። የእናት በሽታ የፅንሱን አካል ሊለውጥ እንደሚችል ዓለም በግልጽ የተረዳው ያኔ ነው። ከ1964ቱ የአሜሪካ የሩቤላ ወረርሽኝ በኋላ ደግሞ ሐኪሟ ስቴላ ቼስ ሩቤላ ይዟቸው የተወለዱ 243 ልጆችን ተከታትላ፣ ኦቲዝም በመካከላቸው ከተለመደው እጅግ በዝቶ አገኘችው። ቀጥለውም በ1957 ኢንፍሉዌንዛ ሄልሲንኪን ሲያጠቃ በሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ላይ የነበሩ ፅንሶች ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንደበዛባቸው በ1988 የቀረበውን ጥናት አነሡ።

ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። እኔም በሁለተኛው ሦስት ወር ላይ ነበርኩና።

3ኛው ምላሽ ተቆጥቶ መጣ። ጸሐፊው የሕፃናት ሐኪም መሆኑን ገልጾ፣ መምህሩ በፍርሃት የምትንቀጠቀጥ ነፍሰ ጡርን ሩቤላና ኢንፍሉዌንዛን በአንድ ሙቀጫ ወቅጠው ማቅረባቸውን ነቀፈ። የሩቤላ ቫይረስ እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ውስጥ ይገባል፤ የዓይን ሞራውንም፣ የልብ ጉድለቱንም፣ መስማት አለመቻሉንም የሚያመጣው ራሱ ገብቶ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእናትየዋ የመተንፈሻ አካል ርቆ አይሄድም። የሄልሲንኪው ጥናትም እያንዳንዷ እናት በእርግጥ ታማ እንደነበር አላጣራም፤ ፅንሶቹ ወረርሽኙ በነበረበት ወቅት ማህፀን ውስጥ መሆናቸውን ብቻ ነው የቆጠረው።

መምህሩ በ4ኛው ተመልሰው እርማቱን በጸጋ ተቀበሉ። እንዲያውም ቁም ነገሩ እዚህ ላይ መሆኑን አመለከቱ። ቫይረሱ ፅንሱ ዘንድ ካልደረሰ የሚደርሰው ምንድን ነው? ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ፓተርሰን የተነሣው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው። በዚህ ሙከራው ለእርጉዝ አይጦች ቫይረስ አልሰጠም። ፖሊ አይሲ የሚባል፣ የቫይረስን ዘረመል የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር ወጋቸው። በሽታ የለም፤ የአይጧ መከላከያ ግን ጠላት የመጣ መስሎት እሪ ይላል። እሳት ሳይኖር የተሰማ እሪታ በሉት። ግልገሎቹ ሲያድጉ ግን ከሌሎች አይጦች የሚሸሹና አንድን ነገር ደጋግመው የሚያደርጉ ሆኑ። በ2007 የእርሱ ቡድን ከእሪታው ድምፆች አንዱን ለየ፤ ኢንተርሉኪን-6 የሚባለውን፣ የመከላከያ ሕዋሳት የሚላላኩበትን ፕሮቲን። ይህንን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ሲያግዱት ግልገሎቹ ደህና ሆኑ።

እንግዲህ ፅንሱን የሚነካው በሽታው ሳይሆን እናትየዋ በሽታውን ለመመከት የምታሰማው ጥሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለራሴ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውነቴ እኔንና እርሱን ለማዳን ሲሟገት ነበር።

5ኛው አጭር ነበር፤ አይጥ ሰው አይደለም፣ አለቀ የሚል። 3ኛውን የጻፈው ሐኪምም ተስማማ።

ከዚያ 6ኛው መጣ፤ ከሁሉም ያስደሰተኝ። የጻፈችው በምርምር ቤት ከጀርም ነጻ የሆኑ አይጦችን የምትንከባከብ ወጣት ናት። አይጦቹ የሚኖሩት አየር በወንፊት ተጣርቶ በሚገባበት፣ ድንኳን በሚመስል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ረጅም የላስቲክ ጓንት አለ፤ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ነው የምታነሣቸው። ባዶ እጇ አንዲትም ቀን ፀጉራቸውን ነክቶ አያውቅም። ምግቡ፣ ውኃው፣ የሚተኙበት እንጨት ፍቅፋቂ ሁሉ ጀርም እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የሚገባው። አንዷ አይጥ ሞታ ሆዷ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ዕውር አንጀቷ ነው፤ ከተራ አይጥ ጋር ሲተያይ ተነፍቶ ሆዱን ሞልቶታል። የሚያብላላውን የሚያግዘው ባክቴሪያ የለምና። ባክቴሪያ የሌለበት ሰውነት ንጹሕ ሰውነት እንዳልሆነ፣ ያልተሟላ ሰውነት እንደሆነ የገባት ያን አንጀት ስታይ ነው።

ከዚያ ወደ ጥያቄዬ መጣች። በ2016 በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲዋ ግሎሪያ ቾይና ጁን ሁ የፓተርሰንን ሙከራ ይዘው አንድ እርምጃ ሄዱ። ከኢንተርሉኪን-6 በኋላ ኢንተርሉኪን-17ኤ የሚባል ሌላ መልእክተኛ እንዳለ፣ የፅንሱን የአንጎል ቅርፊት ንብርብር በቦታ ቦታው የሚያዛባው እርሱ እንደሆነ አሳዩ። እናትየዋ ውስጥ ሲታገድ ንብርብሩ ሳይዛባ ቀረ። በ2017 ደግሞ ይህን መልእክተኛ የሚያመርቱት ሕዋሳት ከየት እንደሚሠለጥኑ መረመሩ፤ ከአንጀት ሆነ። የአይጥ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ክር መሰል ባክቴሪያ አለ። ከአንድ አይጥ አርቢ የተገዙት እናቶች ባክቴሪያው ነበራቸው፤ ከሌላው የተገዙት አልነበራቸውም። ተመሳሳይ ዝርያ፣ ተመሳሳይ መርፌ። ባክቴሪያው ያላቸው እናቶች የወለዷቸው ግልገሎች ጓዳቸው ውስጥ የተቀመጠላቸውን ብይ ሁሉ እየቆፈሩ ሲቀብሩ፣ የሌላቸው የወለዷቸው ግን እንደ ማንኛውም አይጥ ሆኑ። እናቶቹ አስቀድመው ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸውም ለውጡ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደማቅ ፊደል አሰመረችልኝ። ባክቴሪያው ብቻውን ምንም አላደረገም። እሪታው ብቻውንም ምንም አላደረገም። ለውጡ የታየው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ለአስተናጋጁ የተለየ ነው፤ የአይጠ መጎጦች ዓይነት በአይጥ አንጀት ውስጥ ቢገባ እንኳ ግድግዳው ላይ አይጣበቅም፣ ያንንም ሥልጠና አይሰጥም። ስለዚህ ያ ባክቴሪያ እኔም ውስጥ ነበር ብሎ ከዚህ ጥናት መደምደም አይቻልም።

7ኛው አንቲባዮቲክ ልውሰድ ወይ ብላ የጠየቀች ሌላ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ በ8ኛው በፍጥነት ከለከላት። አይጧ የወሰደችው ለሙከራ ነው፤ አንቺ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትነኪ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኖሮብሽ ከታዘዘልሽ ግን ፈርተሽ እንዳትተይው አላት። ምላሹን ሲጽፍ ባይነግረንም፣ ይህን በመሰለ ፍርሃት የተጎዳች ታካሚ ገጥማው እንደነበር ጠርጥሬአለሁ።

9ኛውን የጻፉት ለ26 ዓመት ያዋለዱ እናት ናቸው። የእኔ ልጅ እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። እንግዴ ልጅ በእጃቸው ሲይዙ የሚያዩትን ነገሩን። ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በእናት በኩል ያለው ገጽ ጥቁር ቀይና ጎርባጣ ነው፤ በልጁ በኩል ያለው ግን ለስላሳ፣ አብረቅራቂ፣ ደም ሥሮቹ ከእትብቱ ተነሥተው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉበት። ከተወለደ በኋላ እየገለበጡ ያዩታል፤ ጎድሎ የቀረ ቁራጭ እንዳይኖር። ሁለቱ ደሞች በአንዲት ስስ ግድግዳ ተለያይተው ይፈሳሉ፤ አይቀላቀሉም። እናትየዋ ግን በዚያ ግድግዳ በኩል መርጣ የምታሳልፈው አለ። ከ13ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ የእናት ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይጎርፋሉ፤ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ ከእናቱ የሚበልጥ መጠን ይገኛል። እናት በእርግዝናዋ የቴታነስ ክትባት ስትወስድ ጨቅላው ከመንጋጋ ቆልፍ የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው። የእናትን መከላከያ እንደ አደጋ ብቻ አታውሪው፣ ስንት ሕፃን ያተረፈ ነው ብለው ገሠጹኝ። ተግሣጹ ተገቢ ነበር።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለሦስት ምላሽ ከመንገድ ወጣ። 10ኛው እንግዴ ልጅ የሚለው ቃል እንግዳ ከሚለው የመጣ ይመስለኛል፣ ከልጁ ጋር የሚመጣ እንግዳ ማለት ይሆናል አለ። 11ኛው በግምት ቃል አይተረጎምም ብሎ ቆጣ አለ። 12ኛው ከቃሉ ይልቅ ፅንሱ ራሱ ለእናት መከላከያ ግማሽ እንግዳ መሆኑን አስታወሰ፤ ግማሹ የአባቱ ነውና። 9 ወር ሙሉ ያ መከላከያ እንግዳውን ሳይነካ መቀመጡ ከሁሉም በላይ የሚገርም ነው። ከመንገድ በወጣው ወሬ መካከል እንዲህ ያለ ነገር መገኘቱን ወደድኩት።

13ኛው በዱቄት መልክ የሚሸጥ የባክቴሪያ ማሟያ የሚያስተዋውቅ ሰው ነበር። ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀ፣ የሕፃኑን አንጎል የሚገነባ እያለ። 14ኛው፣ 6ኛውን የጻፈችው ወጣት፣ ምንም ሳትለሳለስ መለሰችለት። በእርግዝና ጊዜ ተወስዶ ኦቲዝምን እንደሚከላከል በሰው ላይ የተረጋገጠ ማሟያ የለም፤ ከአይጥ ጓዳ እስከ ሱቅ መደርደሪያ ያለውን ርቀት ዘልለህ በፍርሃታችን አትነግድ። አስተባባሪዎቹ 13ኛውን አነሡት። የእርሷን መልስ ግን ተዉት፤ ደግ አደረጉ።

15ኛው ነው ያስለቀሰኝ። ሰውየው ራሱን ሳያስተዋውቅ፣ የዘመኑ እናቶች አንጀታቸውን በአንቲባዮቲክና በፋብሪካ ምግብ አበላሽተው ከዚያ ልጆቻቸው ለምን እንዲህ ሆኑ እያሉ ይጠይቃሉ ብሎ ጻፈ። ወደ እኔ ዞሮም መልሱን ከመስታወት ፊት ፈልጊው አለ።

16ኛው ኦቲዝም ያለባት ልጅ አባት ነው። ረጅም አልጻፈም። ለሚስቱ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ዘመድ እንደነበራቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ይዛ መሄድ እንዳቆመች፣ ሁለት ዓመት እንደባከነ ብቻ ነገረው።

17ኛው፣ መምህሩ፣ ከመጀመሪያው ጨዋነታቸው ወጥተው ተናገሩ። ይህ ሰው አዲስ ነገር ያመጣ መስሎታል፤ ዓለም ግን ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ ሠርቶታል። ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝምን ከገለጸ በኋላ ወላጆች ቀዝቃዛ ናቸው የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ ያንኑ ለሕዝብ አሰራጨው፤ ፍቅር የማትሰጥ፣ እንደ ማቀዝቀዣ የበረደች እናት ልጇን ኦቲዝም ውስጥ ትከታለች እየተባለ ስንት እናት ተወቀሰች። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱ የእንዲህ ዓይነት ልጅ አባት የሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ተነሥቶ ሞገተ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው ከ11ዱ ተመሳሳይ መንትዮች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም እንዳለባቸው፣ ከ10ሩ የማይመሳሰሉ መንትዮች ግን በአንዱም ሁለቱ አብረው እንዳልያዛቸው ሲያሳዩ ዘር ወደ መድረኩ መጣ። ከዚያ ወዲህ በ5 አገሮች 2 ሚሊዮን ልጆችን የያዘ፣ በ2019 የወጣ ጥናት ከልጅ ወደ ልጅ ካለው ልዩነት 80 በመቶ ገደማውን ዘር እንደሚያብራራ ገመተ። ትናንት የእናት ልብ ቀዘቀዘ ያልነውን ዛሬ የእናት አንጀት ተበላሸ ብለን እንዳንደግመው አሉ።

18ኛው ሐኪሙ ነበር፤ ቁጥር ይዞ መጣ። ዴንማርክ ውስጥ ከ96,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ፣ በ2012 የወጣ ጥናት ተራ ኢንፌክሽኖች ከኦቲዝም ጋር እምብዛም ግንኙነት እንደሌላቸው፣ ኢንፍሉዌንዛና አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ትኩሳት ግን የተወሰነ ግንኙነት እንዳሳዩ አገኘ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ልጆችን የያዘ፣ በ2022 የወጣ ጥናት የተሻለ ዘዴ ተጠቀመ። እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት በነበረው ዓመት የያዛቸውን ኢንፌክሽንም ቆጠሩ። ፅንሱ ገና ሳይኖር የያዘ ኢንፌክሽንም ከኦቲዝም ጋር ተመሳሳይ ግንኙነት አሳየ። ወንድምና እህት ሲነጻጸሩም ግንኙነቱ ጠፋ። ይህ ማለት ቢያንስ በከፊል፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ለሁለቱም የሚያጋልጥ የጋራ ነገር አላቸው ማለት ነው፤ ኢንፌክሽኑ ራሱ ላይሆን ይችላል።

የእኔ ትኩሳት 5 ቀን ነበር። ከፍተኛው አንድ ሌሊት። ቁጥሮቹን ከቴርሞሜትሩ ጎን አስቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርጋታ አየኋቸው።

19ኛው የ15ኛው ሰው መልስ ነው፤ እንግዲያው ሁሉም ነገር ዘር ነው ካላችሁ ምርምሩ ለምን ያስፈልጋል የሚል። በንዴት ቢጽፈውም ጥያቄው ጥያቄ ነው። 20ኛው፣ ወጣቷ፣ በሚገባ መለሰችው። ዘር ብዙውን ይወስናል ሲባል ብቻውን ይሠራል ማለት አይደለም። እነዚያ አይጦች ዘራቸው አንድ ሆኖ ሳለ በባክቴሪያና በእሪታ መገናኘት ተለያይተዋል። በሰው ዘንድ የተወሰኑ ፅንሶች በዘራቸው ምክንያት ለእናት እሪታ የበለጠ ስሱ ከሆኑ፣ እነርሱን ለይቶ መጠበቅ የሚቻልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ምርምሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

21ኛው ወደ ሌላ ክርክር ወሰደን። አንድ ተማሪ ፅንሱ ራሱ ማህፀን ውስጥ እያለ የእናቱን ባክቴሪያ ይቀበላል ብሎ ነበር፤ በ2014 እንግዴ ልጅ የራሷ ባክቴሪያዎች አሏት ያለውን ጥናት ይዞ። 22ኛው አረመው። በ2019 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የ537 ሴቶችን እንግዴ ልጅ እጅግ ተጠንቅቀው መርምረው አብዛኛው የተገኘው ባክቴሪያ ከመመርመሪያ ኬሚካሎቹና ከወሊዱ የመጣ ብክለት መሆኑን አሳዩ። ባክቴሪያዎቹ ታዲያ ከእናት አንጀት ሳይወጡ ፅንሱን እንዴት ይነኩታል? የሚያመርቱት ነገር ነው የሚጓዘው። እነርሱ ከሚያብላሉት የሚወጡ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ወደ እናት ደም ይገባሉ፣ ከዚያም ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ።

ይህን ወጣቷ በ23ኛው አሰፋችው፤ ለእኔ የውይይቱ እምብርት ይህ ነው። በ2020 የካሊፎርኒያዋ ኢሌይን ሲያዎ ቡድን ባክቴሪያ የሌላቸውን እርጉዝ አይጦች መረመረ። ሕመም የለም፣ ፖሊ አይሲም የለም። የፅንሶቹ አንጎል ውስጥ ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ወደ አንጎል ቅርፊት የሚዘረጉት የነርቭ ክሮች አነሱ። ልጆቹ ሲያድጉ ንክኪ በደንብ የማይሰማቸው ሆኑ። ለእናቶቹ የተወሰኑ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲመለሱላቸው ወይም ባክቴሪያዎቹ የሚያመርቷቸው ጥቂት ሞለኪውሎች ሲሰጧቸው ክሮቹ ተስተካከሉ። ስዊድን ውስጥም በ2014 እንዲሁ ከጀርም ነጻ እናቶች የተፀነሱ ፅንሶች የአንጎላቸው ደም ሥሮች ግድግዳ ልል ሆኖ ተገኝቷል። አንጎልን የሚጠብቁት ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሳትም፣ ገና ከፅንስነት መጀመሪያ አንጎል ውስጥ ገብተው የሚሠፍሩት፣ ባክቴሪያ በሌለባቸው አይጦች ሳይበስሉ ይቀራሉ።

እኔ ጥያቄዬን ስጽፍ አንጀቴን እንደ ተከሳሽ አቁሜው ነበር። 23ኛውን ካነበብኩ በኋላ ግን እነዚያው ነዋሪዎች፣ እኔ አንድ ቀን አስቤያቸው የማላውቃቸው፣ የልጄን የነርቭ ክር ሲዘረጉ የኖሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገባኝ። የመጀመሪያ ልጄንም። አሁን ያለውንም።

24ኛው ሌላ መዓት ይዞ መጣ፤ የሚገባ መዓት። ጸሐፊዋ ራሷ ኦቲዝም ያለባት፣ የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች ሴት ናት። የመጀመሪያው ርእሴ ትኩሳቱ የልጄን አንጎል ጎድቶት ይሆን የሚል ነበር። 23 ምላሽ ሙሉ ስለ እርሷ ዓይነት ሰው እንደ ተሰበረ ዕቃ ሲወራ አንብባ እንደደከማት ጻፈች። ማንም ልጅሽ ምን ይወዳል ብሎ አልጠየቀሽም፤ አንቺም አልነገርሽንም አለችኝ። 25ኛው ልትቆጪያት አይገባም፣ እናት ናት ብሎ ሊከላከልልኝ ሞከረ። 26ኛው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ርእሱንም ቀየርኩት፤ ጎድቶት የሚለውን ነክቶት አልኩት። ልጄ የጠርሙስ ክዳን እንደሚሰበስብ፣ መስኮት ሥር በቀለም ሳይሆን በሚያወጡት ድምፅ ለይቶ እንደሚደረድራቸው ነገርኳት። እያንዳንዱን በጥፍሩ መታ አድርጎ ያዳምጥና ቦታውን ይሰጠዋል። አንዱን ብንቀያይርበት ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

27ኛውን አንዲት እናት ጻፈች። ልጇ ሲያተኩሰው እንደሚለወጥ፤ ሌላ ጊዜ የማያየው ልጅ ያን ቀን ዓይኗን አይቶ ጭኗ ላይ እንደሚተኛ። ሐኪም ስትነግር ስለደከመው ነው እንደተባለች። ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ። የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው! ባለፈው ሲያተኩሰው በስሜ ጠራኝ፤ ሁለት ጊዜ። ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ ልጄ ሲታመም ደስ አለኝ ማለት ስለሚመስል። 28ኛው፣ መምህሩ፣ ብዙ ወላጆች ይህን እንደሚናገሩና በ2007 በታተመ ጥናትም እንደተመዘገበ ነገሩን። በ2020 ደግሞ እነዚያው ቾይና ሁ፣ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ፖሊ አይሲ የተወጋች አይጦች ካደጉ በኋላ የሰውነታቸው መከላከያ ሲቀሰቀስ ለጊዜው ወደ ሌሎች አይጦች መቅረብ እንደሚጀምሩ፣ ይህንንም የሚያደርገው ያው ኢንተርሉኪን-17ኤ አንጎል ውስጥ ሲሠራ እንደሆነ አሳዩ። ያው መልእክተኛ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሥራ። ከትኩሳት ሕክምና ይወጣል ብላችሁ ግን ልጅ እንዳታስተኩሱ ብለው አጥብቀው አስጠነቀቁ።

ከ29ኛው እስከ 36ኛው ያለው ሦስተኛው ጥያቄዬ ላይ ነው። አንዲት ፋርማሲስት ትኩሳት ሲመጣ ዝም ብለሽ አትቻይው፣ ሐኪምሽን አማክረሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ አለች። 30ኛው ፓራሲታሞል ራሱ ኦቲዝም ያመጣል ብሎ ተነሣ። ፋርማሲስቷ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ልጆችን የያዘውን፣ በ2024 የወጣውን የስዊድን ጥናት አቀረበችለት፤ ወንድምና እህት ሲነጻጸሩ ግንኙነት አልተገኘም። 33ኛው ክትባትም መከላከያን ያስቆጣል፣ እንግዲያው ያው ነው አለ። ሐኪሙ ደከመኝ ሳይል መለሰ። ክትባቱ የሚቀሰቅሰው ቁጣ ትንሽና አጭር ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ደግሞ ቀናት የሚቆይ ነው። በ2017 የወጣና ከ196,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት በእርግዝና የተሰጠ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የኦቲዝምን ዕድል በአጠቃላይ እንደማይጨምር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ነፍሰ ጡሮች በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊወስዱት እንደሚችሉ ይመክራል። 35ኛው ሐኪሙን በመድኃኒት ኩባንያ ተገዝተሃል ብሎ ሰደበው። 36ኛው አዋላጇ ነበሩ፤ ለተሳዳቢው፣ ልጄ፣ አንተም በእናትህ ፀረ እንግዳ አካል ነው የመጀመሪያዎቹን ወራት የተሻገርከው ብለው ዝም አሰኙት።

37ኛው የሂሳብ ሠራተኛዋ ነበረች። ከክዳኖቹ መካከል ልጄ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቀምጠው የትኛውን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

38ኛውን ራሴ ጻፍኩት። ረቡዕ ለክትትል ስሄድ ሐኪሜን ጠይቄ የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱን ወሰድኩ። ማታ ክንዴ ትንሽ ከበደኝ። ባለቤቴ ሳልጠይቀው መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ቴርሞሜትር አመጣው፣ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎም አነበበው፤ 37.1። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገረኝ። ክዳኑን ደግሞ ጠዋት አየሁት፤ ድምፁ ከሁሉም ቀጭን የሆነው፣ ጠርዙ የተጣመመው ቢጫ ነው።